ውጅግራው በየት በኩል መጣ?

«ውጅግራ» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉትን ጠመንጃ ያገራችን ሰው በራሱ አፍ ሲጠራው ውጅግራ ሆነ። «ፉዚ» ጠመንጃ ማለት ሲሆን «ግራ» ደግሞ የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም ነው።

ይህን የምጽፈው ከአያት የወረሱትን ውጅግራ ከዝገት ለማዳን በየቤታቸው ለሚደክሙ ሰዎች ስል ነው። ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳታችሁ በፊት ጠመንጃው የመጣበትን መንገድ አብረን እንየው።

ውጅግራ እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካዝና የለውም። ተኳሹ አንዲት ጥይት ያጎርሳል፣ ይተኩሳል፣ ቀለሁን አውጥቶ ደግሞ ያጎርሳል። በ1886 ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን የለበል ጠመንጃ ስትይዝ ውጅግራው ከጦሯ ተራ ወጣ። ነጋዴዎችም ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻ ያግዙት ጀመር።

ያኔ የጅቡቲ ከተማ ገና አልተቆረቆረችም። የጦር መሣሪያ የሚራገፈው ኦቦክና ታጁራ ላይ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦም ከሸሪኩ ከላባቱ ጋር ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ ሊሸጥ ታጁራ የገባው በ1885 መጨረሻ ነው። ለቤተሰቡ በላከው ደብዳቤ እንደገለጸው፣ ዘመን ያለፈባቸው ጠመንጃዎች አውሮፓ ላይ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይገዙና ሸዋ ላይ ወደ 40 ፍራንክ ይሸጣሉ። ሐሳቡ ግን አልሰመረለትም። አንድ ዓመት ገደማ ታጁራ ተቀመጠ፤ ላባቱም ሞተ። በ1887 መጀመሪያ ሸዋ ሲደርስ ምኒልክ የላባቱን ዕዳ ቀንሰው፣ ዋጋውንም አሳንሰው ገዙት። ብልህ ገዢ ነበሩ።

ጅቡቲ በ1888 ተቆረቆረች፤ ብዙም ሳትቆይ የኦቦክን ቦታ ወሰደች። የዐድዋ ጦርነት ከተደረገ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ1897፣ የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከዚያው ተነሣ። በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። ግመል ሳምንታት የሚፈጅበትን ጭነት ባቡር በቀናት አደረሰው። ጅቡቲ መሐል ያለው የገበያ አደባባይ ዛሬ በማህሙድ ሐርቢ ስም ይጠራል፤ ቀድሞ የራምቦ አደባባይ ይባል ነበር። ይገርመኛል፤ የራምቦ ግመሎች የተጫኑት እዚያ ሳይሆን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ታጁራ ላይ ነበር።

ዐድዋ ላይ ከዋሉት ጠመንጃዎች አንዱ ውጅግራ ነው። ከአርባ ዓመት በኋላም አርበኞች ጣሊያንን በዚያው ገጥመውታል።

አሁን በእጃችሁ ያለውን ጠመንጃ ገልበጥ አድርጉት። ከብረቱ ጎን በቀጭን የእጅ ጽሕፈት የተቀረጸ የፋብሪካ ስም ይኖራል፤ ሴንት ኤትየን፣ ሻቴለሮ ወይም ቱል ሊሆን ይችላል። ሳንጃው ካለ ጀርባውን እዩት፤ የተሠራበት ወርና ዓመት ተጽፎበታል። «ኤም 80» የሚል ምልክት ካገኛችሁ በ1880 የተሻሻለ ነው፤ ቀለሁ ቢሰነጠቅ ጋዙ ከተኳሹ ዓይን እንዲርቅ ብረቱ ላይ ቦይ ተቦርቡሮለታል። ይህ ሁሉ ጽሑፍ ከወረቀት ያልወፈረ ነው። አንድ ከሰዓት በሞረድ ቢታሽ አይተርፍም፤ ብረቱ ያብረቀርቃል፣ ታሪኩ ግን ይጠፋል። እንዲህ የተፋቀ ውጅግራ ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ለብረቱ ቀጭን ዘይትና ለስላሳ ጨርቅ፣ ለእንጨቱ ጥቂት የተልባ ዘይት ይበቃዋል። ሰደፉ ላይ ያለውን ጭረትና ጠፍር የበላውን ቦታ አትንኩት፤ አያታችሁ የያዙበት ነው። አትተኩሱበት፤ ብረቱ አርጅቷል። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃዱን አውጡ። ከማጽዳታችሁ በፊት ግን ምልክቶቹን ፎቶ አንሡ፣ ቁጥሩን ጻፉ፤ ማን ከማን እንደወረሰውም ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ከቁጥሩ ሥር አስፍሩ።