የመንገደኛው ዋስ፤ ቤተ ሰብ በአውሮፓ መጓዝ የጀመረበት ታሪክ

በአሥራ ሰባተኛውና በአሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ሹመት ወይም ንግድ ሳይጠራው፥ ስእለትም ሳይኖርበት፥ አውሮፓን ለማየት ብቻ ከአገሩ የሚወጣ ሰው ቢገኝ፥ እርሱ በአብዛኛው የእንግሊዝ መኳንንት ልጅ ነበር። ይህ ወጣት ትምህርቱን በአገሩ እንደ ፈጸመ፥ አንድ መምህርና ጥቂት አሽከሮች አስከትሎ ከዶቨር ወደ ካሌ ይሻገራል፤ በፓሪስ ፈረንሳይኛና የሰይፍ ጨዋታ ይለማመዳል፤ ከዚያም ሠረገላው በሞንስኒ ተራራ ሥር ተፈታትቶ በበቅሎ ሲጫን፥ እርሱ ራሱ በወንበር ተቀምጦ በተሸካሚዎች ትከሻ ተራራውን አልፎ ወደ ፍሎሬንስ፥ ወደ ሮማና ወደ ናፖሊ ይወርዳል። ሪቻርድ ላስልስ የተባለው ካቶሊካዊ ቄስ ስለ ኢጣልያ ጽፎት በ1670 በታተመው መጽሐፍ ይህን ልማድ «ታላቁ ዙረት» ብሎ ጠርቶታል። የመምህርነቱም ሥራ የተናቀ አልነበረም፤ በኋላ በሀብተ አሕዛብ መጽሐፉ ስመ ጥር የሆነው አዳም ስሚዝ በግላስጎ የነበረውን የማስተማር መንበር ትቶ በ1764 ወደ ፈረንሳይ የሄደው ወጣቱን የበክሉ መስፍን እየመራ ነው። ከልዑካንና ከጥቂት ባለጸጎች ቤተ ሰብ በቀር እናትና እኅቶች ግን በቤት ቀርተው ደብዳቤ ይጠባበቁ ነበር።

እነርሱን በቤት ያስቀራቸው የመንገዱ ርዝመት ብቻ አይመስለኝም። በአገራችን ጀንበር የጠለቀችበት መንገደኛ ከማያውቀው ሰው ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ቢል፥ የቤቱ ጌታ ፈሪሃ እግዚአብሔር ይዞት ያስገባዋል እንጂ ዋጋ አይተምንበትም፤ በአውሮፓ ጐዳና ግን ማደሪያ የሚገኘው በገንዘብ ነበረና፥ የማደሪያው ባለቤት ማታ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ጧት የሚነሣው እንግዳ አስቀድሞ አያውቅም። ጀርመንም በመሳፍንትና በጳጳሳት ግዛት ተከፋፍላ ስለ ነበር፥ ትናንት የተመነዘረው ገንዘብ ዛሬ በሌላው ወሰን ዋጋው ይለወጣል፤ ቀረጡም በየድልድዩ ይከፈላል። ስለዚህ መንገደኛው ከፈረስና ከሠረገላ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዋስ ነበር፤ በባዕድ ከተማ «ይህን ሰው አውቀዋለሁ፥ የሰጣችሁትን እከፍላለሁ» የሚልለት ሰው ማለት ነው። አንድ ጐልማሳ ያለ ዋስ ቢወጣ አንድ ሌሊት ጾሙን ያድራል፤ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የወጣ አባት ግን እንዲህ ያለውን ዕድል ለመሞከር አይደፍርም።

የደፈረ አንድ አባት ግን ነበረ። በሳልዝቡርግ ሊቀ ጳጳስ ቤተ መንግሥት የሙዚቃው ምክትል አለቃ የነበረው ሊዮፖልድ ሞዛርት በጁን ወር 1763 ሚስቱን አና ማሪያን፥ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን ልጁን ናነርልንና የሰባት ዓመቱን ቮልፍጋንግን በሠረገላ ጭኖ ተነሣ። ጉዞው ለሽርሽር አልነበረም፤ የልጆቹን መክሊት በየነገሥታቱ ፊት አሳይቶ ስምና ገንዘብ ለማግኘት ነበር። ነገር ግን ቤተ ሰብ በአንድነት በአውሮፓ ምድር ሲመላለስ ምን እንደሚያገኘው እንደ እነርሱ በዝርዝር ጽፎ ያቈየልን ጥቂት ነው። ዋሳቸው የቤታቸው አከራይ የነበረው የቅመማ ቅመም ነጋዴ ሎሬንዝ ሃገናወር ሲሆን፥ በየከተማው ካሉ ነጋዴዎች ገንዘብ የሚያስገኝ ደብዳቤ እየጻፈላቸው፥ ሊዮፖልድም ያየውንና ያወጣውን ሁሉ ለእርሱ እየጻፈ ተጓዙ። ገና ከመነሻቸው በቫሰርቡርግ የሠረገላው መንኰራኵር ተሰብሮ እስኪጠገን ሲቀመጡ፥ አባት ልጁን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን አወጣውና የእግሩን መርገጫ አሠራር አስረዳው፤ ልጁም ወንበሩን ገፋ አድርጎ ቆሞ እየረገጠ እንደ ተጫወተ ሊዮፖልድ በመደነቅ ጽፏል። መንኰራኵር በመሰበሩ ደስ ያለው መንገደኛ ከእርሱ በቀር ይኖራል ብዬ አላስብም።

ከዚያ ወዲያ በሙኒክ፥ በፍራንክፈርትና በብራስልስ አልፈው ፓሪስ ገቡ፤ በ1764 መባቻም በቬርሳይ በንጉሥ ሉዊ አሥራ አምስተኛ ማዕድ አጠገብ ቆሙ፤ በዚያው ዓመት ባሕር ተሻግረው በሎንዶን በንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ፊት ተጫወቱ። ሁሉ ግን ክብር አልነበረም። በሎንዶን ሊዮፖልድ በጽኑ ታሞ ቤተ ሰቡ ወደ ከተማው ዳርቻ ሲወጣ፥ በቤቱ ፒያኖ መንካት ስለ ተከለከለ ትንሹ ልጅ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን በዚያ ዝምታ እንደ ጻፈ ይነገራል፤ በ1765 በሄግ ከተማ ናነርል በብርቱ ትኩሳት ተይዛ ምሥጢረ ቀንዲል እስኪፈጸምላት ደረሰች፤ እርስዋ ስትድን ደግሞ ወንድምዋ በዚያው ደዌ ወደቀ። ወደ ሳልዝቡርግ የተመለሱት በኖቬምበር 1766፥ ከሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው።

ከፈረንሳይ አብዮት እስከ ናፖሊዮን ውድቀት ጦርነት መንገዱን ዘግቶት ነበርና፥ በ1815 ሰላም ሲወርድ ከእንግሊዝ የሚሻገሩት ወጣቶች ብቻ አልነበሩም፤ እናትና ሕፃናት፥ ሞግዚትና ወጥ ቤት ጭምር እየተጫኑ ወጡ። ደራሲው ቻርልስ ዲከንስ በ1844 ወደ ጄኖቫ ሲወርድ ሚስቱን፥ የሚስቱን እኅት፥ አምስት ልጆቹን፥ አገልጋዮቹንና ውሻውን ሳይቀር በአንድ ግዙፍ ሠረገላ ይዞ ነበር። ይህን ሁሉ ነፍስ የሚመራ፥ ፈረስ የሚያስለውጥ፥ ከማደሪያው ባለቤት ጋር በዋጋ የሚከራከር ሉዊ ሮሽ የተባለ የአቪኞን ሰው ቀጠረ። ዋስ በደመወዝ ተገኘ እንበል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ሰው ለወራት መቅጠር የሚችለው ዲከንስን የመሰለ ባለ ገቢ ብቻ ነው።

ነገሩን የለወጠው ያልተጠበቀ ሰው ነው። ቶማስ ኩክ በ1808 በእንግሊዝ አገር በደርቢሺር ግዛት ከድኻ ቤት ተወልዶ፥ እንጨት ጠራቢ ሆኖ የኖረ፥ የባፕቲስት ሰባኪ የነበረና መጠጥ የሕዝቡን ቤት ያፈርሳል ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በጁላይ 5 ቀን 1841 አምስት መቶ ያህል ሰዎችን በአንድ አንድ ሺሊንግ ከሌስተር ወደ ላፍብራ በምድር ባቡር ያጓጓዘው ከአስካሪ መጠጥ ስለ መታቀብ ወደሚሰበክበት ጉባኤ ለማድረስ ነው። ከመጠጥ ቤት ሊያወጣቸው የጀመረው ሥራ በ1855 ወደ ብራስልስ፥ ወደ ራይን ወንዝና ወደ ፓሪስ፥ በ1863 ደግሞ ወደ ስዊስ ተራሮች አደረሰው።

በዚህ በስዊስ ጉዞ፥ የሞዛርት ቤተ ሰብ ከሳልዝቡርግ በተነሣ በመቶ ዓመቱ፥ ከዮርክሺር የመጣች ጀሚማ ሞሬል የተባለች ወጣት ከወንድምዋ ጋር ነበረች፤ የጻፈችውም የዕለት ማስታወሻ ከሌላ መቶ ዓመት በኋላ በ1963 ታትሟል። ከሻሞኒ በላይ ያለውን የበረዶ ሜዳ የተሻገሩት ወይዛዝርት በዘመኑ ሰፊ ቀሚስ ሆነው ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ቍርስ እየበሉ፥ በበቅሎም በእግርም የጌሚን መተላለፊያ ተሻግረው ኢንተርላከን ደረሱ። ጠቅላላ ጉዞው ሦስት ሳምንት ያህል ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው የኩክ ሥራ ግን በእኔ አስተያየት ወረቀቱ ነው። በ1868 የሆቴል ኩፖን የተባለውን አወጣ፤ መንገደኛው የአልጋውን፥ የቍርሱንና የራቱን ዋጋ በአገሩ በገዛ ገንዘቡ አስቀድሞ ይከፍልና፥ በባዕድ ከተማ ሲደርስ የተስማማው ሆቴል ወረቀቱን ተቀብሎ ያስተናግደዋል። የባንክ ጸሓፊ፥ መምህርትና ባለ ሱቅ ከቤታቸው ሳይወጡ ጉዞው ስንት እንደሚፈጅ በሣንቲም ሊያሰሉ ቻሉ። ለሊዮፖልድ ሃገናወር፥ ለዲከንስም ሮሽ የሆኑለትን፥ ኩክ ለማያውቀው ሰው ሁሉ ሆነለት። ስለዚህም ባል የሌላቸው እኅትማማቾችና ልጆቿን ያስከተለች መበለት ሳይፈሩ ሲወጡ ታዩ።

ይህን ያልወደዱ አልታጡም። በላ ስፔዚያ የእንግሊዝ ምክትል ቆንስል የነበረው ደራሲ ቻርልስ ሊቨር በ1865 በመጽሔት ሲሣለቅ፥ እነዚህ በመንጋ የሚነዱ ሰዎች አውስትራሊያ አልቀበልም ያለቻቸው እስረኞች ናቸው ብሎ ለኢጣልያኖች እንዳወራ ጻፈ። ኩክ መልስ አሳትሞ ተከራከረ። ቆንስሉን ያስቈጣው የሥነ ጥበብ መርከስ ነው ለማለት ያስቸግረኛል፤ የገዛ አገሩ ባለ ሱቅ እርሱ በሚያየው ሥዕል ፊት ከልጆቹ ጋር መቆሙ ይመስላል።

የሠራተኛው ቤተ ሰብ ግን ገንዘብ ቢያጠራቅም ጊዜ አልነበረውም። ይህ በፈረንሳይ የተፈታው በ1936 የሌዎን ብሉም መንግሥት ሁለት ሳምንት ደመወዙ ያልተቋረጠ ዕረፍት በሕግ በደነገገ ጊዜ ነው፤ በዚያው መንግሥት የስፖርትና የዕረፍት ጊዜ ኃላፊ የነበረው ሌዎ ላግራንዥም የባቡሩን ዋጋ ለሠራተኛው፥ ለሚስቱና ለልጆቹ በመቶ አርባ አስቀነሰላቸው።

የኩክ ማኅበር ከመሥራቹ ዘሮች እጅ በ1928 ወጥቶ፥ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ ኖሮ፥ በሴፕቴምበር 23 ቀን 2019 በዕዳ ፈረሰ። በዚያ ቀን 150,000 የሚያህሉ እንግሊዛውያን፥ ብዙዎቹ ከነልጆቻቸው፥ በየባሕሩ ዳር ነበሩ። አስቀድመው የከፈሉበትን ወረቀት የጻፈው ቤት ስለ ተዘጋ፥ የእንግሊዝ መንግሥት አውሮፕላኖች አሰባስቦ፥ ዘመቻውንም በስዊስ ተራራ ስም «ማተርሆርን» ብሎ ሰይሞ፥ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ አገራቸው መለሳቸው።