የውሻ ልብ ትልና የሰው ዓይን

ከመሳፍንት ወገን የነበረው ጣሊያናዊ ፍራንቼስኮ ቢራጎ በ1626 ዓ.ም. ስለ አደንና ስለ አዳኝ ውሾች አንድ መጽሐፍ ጻፈ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ መጽሐፍ በውሻ ልብ ውስጥ ትል መታየቱን መዘገበ። ስለ ትሉ ምንነት የሰጠው ግምት ስሕተት ነበር፤ ያየው ነገር ግን እውነት ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ በ1856፣ የፊላደልፊያው የተፈጥሮ ሊቅ ጆሴፍ ሌይዲ ለትሉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣለት «ኢሚቲስ» አለው፤ በላቲን ጨካኝ ማለት ነው።

ስሙ ይገባዋል። እንስቷ ትል እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፤ እንደ ነጭ ክር ቀጭን ናት። መኖሪያዋ ከልብ ወደ ሳንባ ደም የሚወስደው ቧንቧ ነው፤ ቁጥራቸው ሲበዛም ትሎቹ ወደ ልቡ ቀኝ ክፍል ይዘልቃሉ። ውሻው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ ምንም ሳይታይበት ይኖራል። ከዚያ በኋላ ማሳል ይጀምራል፤ ሩጫ ይደክመዋል፤ ይከሳል፤ ሲብስበት ሆዱ ውኃ ይቋጥራል።

ይህ ሁሉ ትል ከወዴት መጣ? የጥያቄው መልስ የተጀመረው ከውሻ ሳይሆን ከሰው ነው። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን በቻይናዋ የወደብ ከተማ በአሞይ (ዛሬ ሺያሜን በምትባለው) ይሠራ ነበር። በዚያ ብዙ ሰው እግሩ በዝሆኔ አብጦ ይታያል። (በአገራችን ደጋማ ስፍራዎች የምናውቀው ዝሆኔ በአመዛኙ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህኛው ጋር መምታታት የለበትም።) ማንሰን በሕመምተኞቹ ደም ውስጥ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ትሎች መኖራቸውን ያውቃል። በ1877 ደሙ እነዚህን ትሎች የያዘውን አትክልተኛውን ሌሊት ቢምቢ በተለቀቀበት ክፍል አስተኛው፤ ሲነጋ ደሙን የጠገቡትን ቢምቢዎች ሰብስቦ በየቀኑ እየቀደደ በማጉያ መነጽር መረመራቸው። ትሎቹ አልሞቱም፤ በቢምቢዋ ገላ ውስጥ አድገዋል። አንድ ነፍሳት የሰውን በሽታ በውስጡ እንደሚያሳድግ የታየው ያን ጊዜ ነው። የአትክልተኛው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነበር ብሎ መጠየቅ ለዛሬ አንባቢ ተገቢ ይመስለኛል።

ማንሰን ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ቢምቢ ደም የምትመጠው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውኃ ላይ ሞታ ትወድቃለች፤ ሰውም ትሉን ከውኃው ጋር ይጠጣዋል ብሎ አሰበ። ይህ እምነት ከሃያ ዓመታት በላይ ቆየ። የተቃናው በ1900 ሲሆን፣ እዚህ ላይ ውሻው ወደ ታሪኩ ይመለሳል። ጣሊያናውያኑ ጆቫኒ ባቲስታ ግራሲና ጆቫኒ ኖዔ የውሻን ደም የመጠጡ ቢምቢዎችን ሲመረምሩ፣ ያደጉት ዕጮች የቢምቢዋ መንደፊያ ሽፋን ውስጥ ተሰልፈው አገኟቸው። መተላለፊያው የሚጠጣ ውኃ ሳይሆን ንክሻው ራሱ ነው። በዚያው ዓመት ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ሎው ከአውስትራሊያ በተላኩለት ቢምቢዎች ውስጥ የሰውን ትል በዚያው ስፍራ አየ።

ዛሬ የምናውቀው መንገድ ይህ ነው። ዕጩ በቢምቢዋ ውስጥ በሞቃት አየር ሁለት ሳምንት ያህል ያድጋል፤ ብርድ ከሆነ እድገቱ ይቆማል። በንክሻው ቀዳዳ ውሻው ገላ ውስጥ ገብቶ ከስድስት እስከ ሰባት ወር ከቆየ በኋላ ይጎለምሳል፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመትም ሊኖር ይችላል። ድመት ለትሉ አትመቸውም፤ አብዛኞቹ ሳያድጉ ሳንባዋ ውስጥ ይሞታሉ። ጉዳቱ ግን እዚያው ላይ ነው፤ የሚሞቱት ትሎች ሳንባዋን ያስቆጡታል፤ ሰውም አስም ያዛት ይላል። አንድ ሁለት ትል ድመትን በድንገት ሊገድላት ይችላል፤ ለእሷ የሚሆን የጎለመሰ ትል መግደያ መድኃኒትም የለም።

ለውሻው መድኃኒቱ ለረጅም ጊዜ አርሴኒክ ያለበት መርፌ ነበር፤ ዛሬም የጎለመሰውን ትል የሚገድለው ከዚያው ወገን ነው። የሞተው ትል ተቆራርጦ የሳንባን ቧንቧ ሊደፍን ስለሚችል ውሻው ለሳምንታት እንዳይሮጥ ታስሮ ይጠበቃል። ስለዚህ ተስፋው ሁሉ መከላከል ላይ ወደቀ።

መከላከያው የመጣው ከአፈር ነው። በ1970ዎቹ ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራ በካዋና ከአንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ ካነሣው አፈር ያገኘውን ባክቴሪያ አሜሪካ ለሚገኘው ለመርክ ኩባንያ ላከ። በዚያ ዊልያም ካምቤልና ባልደረቦቹ አይቨርሜክቲን የተባለውን መድኃኒት ሠሩበት። በ1981 ለከብትና ለፈረስ ገበያ ላይ ዋለ፤ ከዓለም የእንስሳት መድኃኒቶች መካከል በሽያጭ ግንባር ቀደም ለመሆንም በቃ። መድኃኒቱ በፈረስ ቆዳ ውስጥ የሚኖር አንድ ትል ላይ መሥራቱ ሲታይ፣ ካምቤል የዚያ ትል ዘመድ ወደሆነው፣ የሰውን ዓይን ወደሚያሳውረው ትል አሰበ። ይህኛውን የምታስተላልፈው ቢምቢ ሳትሆን በፈጣን ወንዝ ዳር የምትራባ ትንሽ ጥቁር ዝንብ ናት። ሞሐመድ አዚዝ የተባለው የኩባንያው ሐኪም በ1981 ሴኔጋል ውስጥ በሰው ላይ ሞከረው፤ ሠራም።

ከዚያ 1987 መጣ። በዚያ ዓመት አይቨርሜክቲን በአሜሪካ የውሻን ልብ ትል በወር አንድ ጊዜ ለመከላከል ተፈቀደ። በዚያው ዓመት ጥቅምት መርክ መድኃኒቱን ለወንዝ ዳር ዕውርነት ለሚፈልገው ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ፣ በነጻ እንደሚሰጥ አስታወቀ። ገዢ ያለው ውሻው ነበር፤ ገዢ ያልነበረው ሰው ነው። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ይቆጣል። እኔ ግን ቁጣው ውሻው ላይ መውረድ የለበትም እላለሁ፤ የእንስሳቱ ገበያ ባይኖር ኖሮ ስጦታው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

መጠኑም ለየቅል ነው። ለውሻ በአንድ ኪሎ ክብደት 6 ማይክሮ ግራም በየወሩ ይበቃል፤ ባለፈው ወር የገቡትን ዕጮች ብቻ ነው የሚያጠፋው። ለሰው በአንድ ኪሎ 150 ማይክሮ ግራም ይሰጣል፤ እሱም ልጆቹን ትሎች እንጂ እናቲቱን አይገድልም። እናቲቱ ከአሥር ዓመት በላይ ልትኖር ስለምትችል መድኃኒቱ ዓመት በዓመት መደጋገም አለበት።

በአገራችን በከፋና በሸካ ዕደላው የተጀመረው በ2001 ነው። በ2013 ዓላማው በሽታውን ከመቆጣጠር ወደ ማጥፋት ተለወጠ፤ በብዙ ስፍራዎችም በዓመት ሁለት ጊዜ መስጠት ተጀመረ። የውሻው መድኃኒት በፋርማሲ ሚዛን ተለክቶ በክብደት ተለይቶ በታሸገ ሣጥን ይሸጣል። በገጠር ቀበሌ ሚዛን ስለማይገኝ አዳዩ ሰውን የሚለካው በምልክት በተቀባ ዘንግ ነው። ሰዉ ተሰልፎ አንድ በአንድ ከዘንጉ ጎን ይቆማል፤ ቁመቱ የደረሰበት ቀለም የክኒኑን ቁጥር ይናገራል። ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይሰጠውም፤ እስኪያድግ ይጠብቃል።