ወባ የተባለው የፎገራ ትኩሳት

በጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ርብና ጉማራ በክረምት በሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ ትኩሳት ሲባል አስቀድሞ የሚታሰበው ወባ ነው። ስለዚህም ከ1997 ዓ.ም. ቀደም ብሎ በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ትኩሳታቸው አልበርድ ያላቸው፣ እየከሱ ሆዳቸው የተነፋ ሰዎች ወደ ጤና ተቋማት ሲመጡ የተሰጣቸው የወባ መድኃኒት ነበር። ታይፎይድ የተባሉም ነበሩ። ሕመማቸው ሳይሻል ሲመለሱ ጥርጣሬው መድኃኒት በተላመደ ወባ ላይ አረፈ።

ባለሙያዎቹን በችኮላ መውቀስ ተገቢ አይደለም። ፋንሲዳር እየከሸፈ በመምጣቱ አገሪቱ በኮአርተም የተካችው በዚያው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ2004 ነበር። ካላ አዛር ደግሞ የቆላ በሽታ፣ የሑመራና የመተማ ጉዳይ ተደርጎ ይታይ ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ግን በሽታው እርሱው ሆኖ ተገኘ። ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ተውሳኩን ሳያመጡት እንዳልቀሩ ይገመታል። በአዲስ ዘመን ጤና ጣቢያ በተከፈተው ማዕከል በቀጣዮቹ ዓመታት ከ2,000 በላይ ሕሙማን ታከሙ። ካላ አዛር ካልታከመ ገዳይ ነውና ስሙ ሳይታወቅ ያለፈው እያንዳንዱ ወር በነፍስ የሚቆጠር ነበር።

የመመርመሪያ እጥረት እንደነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳትና የሕክምና ምልልስ በመሣሪያ የሚታወቁ ነገሮች አይደሉም፤ ጠይቆ መስማትን ይሻሉ። በተማሪነቴ የጣፊያን እብጠት በሴንቲሜትር መለካት ተምሬአለሁ። አንዲት እናት ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ ሳልጠይቅ ያለፍኩበት ጠዋት ግን እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልጠፋም። ለምን አልጠየቅህም ያለኝ አስተማሪም አልነበረም።

ይህ ጉዳይ በአካባቢው የሥልጠና ታሪክ እንግዳ አይደለም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት አንዱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1953 ከሐይቁ በስተሰሜን በምትገኘው ደምቢያ ሺዎችን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ነበር። የጤና መኮንኖች፣ የኅብረተሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች አብረው ሠልጥነው፣ በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች ይወጡ ነበር። ሕመምተኛው በአልጋው ላይ ብቻ ሳይሆን በቤቱና በውኃው ዳር ይታይ ነበር ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አደረገ። ዓላማው ተገቢ ነው። ሆኖም ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ያደረ ኢንተርን በማግስቱ ስድሳ ሕሙማን እንዲያይ እየታዘዘ፣ ስለ ርኅራኄ የግማሽ ቀን ገለጻ መስጠቱ ምን ያህል እንደሚጠቅመው አላውቅም። የደከመ ጆሮ «ይህ ሦስተኛ ጊዜዬ ነው» የሚለውን ቃል አይሰማም። ቢያንስ ተማሪዎቻችን በሚሞሉት የሕሙማን ካርድ ላይ፣ ከላቦራቶሪው ውጤት በላይ፣ ሕመሙ መቼ እንደጀመረና ከዚህ በፊት የት የት እንደታየ በሕመምተኛው በራሱ አንደበት የሚጻፍበት ሁለት መስመር ይኑር፤ መምህሩም በዙር ጊዜ አስቀድሞ እርሱን ያንብብ።