ከሸክላ እስከ ጥፍር የምታህል ካርድ

በጥር 1986 ዓ.ም. ቆላ ድባ ላይ እህቴ ስትዳር፣ ከዳሱ ምሰሶ በአንደኛው ላይ ቴፕ ተንጠልጥሎ ነበር። ቴፕ የምንለው ያን ስድስት ትልልቅ የባትሪ ድንጋይ የሚጎርሰውን፣ እጀታ ያለውን፣ ራዲዮና ካሴት ማጫወቻ አንድ ላይ የያዘውን ዕቃ ነው። ከጎንደር የመጣው አዝማሪ ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ እንግዳው በየተራ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብለዋል፤ አዝማሪውም አሳምሮ፣ አንዳንዴም ከሰጡት ይልቅ ስለት ጨምሮበት ይመልሰዋል። አያቴም በተራቸው ስለ ሟች ባላቸው አንድ ግጥም ሰጡ። ዳሱ ጸጥ አለ። ቴፑ ይህን ሁሉ ቀዳ።

ዛሬ ያ ድምፅ የለም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንዳጠፋሁት ከመናገሬ በፊት ግን፣ አንባቢ ይታገሠኝና ድምፅ የሚይዘው ዕቃ ራሱ ከየት ተነሥቶ ኪሳችን እንደገባ ላውራ።

ድምፅ ተቀድቶ ከአገር አገር መሄድ ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ እኛ ከነገሩ ውጪ አልነበርንም። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1898 ለዳግማዊ ምኒልክ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ የተቀዳ ነበር። ንግሥቲቱ ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ስላዘዙ ያ ድምፅ ጠፋ። አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በአጸፋው የላኩት ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎት ይደመጣል። ጥቂት ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ1908 ተሰማ እሸቴ፣ በኋላ ነጋድራስ የሆኑት፣ ጀርመን አገር ሄደው ዜማቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ከእኛ ሰዎች ዘፈኑን በሸክላ በማስቀረጽ ቀዳሚው እሳቸው ናቸው።

ሸክላ ግን የሳሎን ዕቃ ነው። ጠረጴዛ ይፈልጋል፣ መርፌ ይፈልጋል፣ ከወደቀም ይሰበራል። ሸክላ የማሳተም ፈቃድ በንጉሡ ዘመን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበርና፣ አምኃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1961 ዓ.ም. ይህን ተዳፍሮ የራሱን ሸክላዎች ወደ ውጭ እየላከ ማሳተም ሲጀምር ድፍረቱ ብዙ አስወርቷል። የዓለማየሁ እሸቴን፣ የማሕሙድ አሕመድን፣ የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ያገኘነው በእሱ በኩል ነው። እሱ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማም የሸክላው ዘመን አበቃ። በሸክላ ማሳተም ላይ የነበረው አሊ ታንጎም ወደ ካሴት ዞረ።

ወደ ደምቢያ የመጣው እንግዲህ ካሴት ነው። የፊሊፕስ ኩባንያ ካሴትን ለዓለም ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1963 ነበር። የሥራው መሪ ሆላንዳዊው መሐንዲስ ሉ ኦተንስ፣ ማጫወቻው ምን ያህል መሆን እንዳለበት የለካው ኮት ኪስ ውስጥ በሚገባ ቁራጭ እንጨት ነበር ይባላል። ከእኛ አገር ግን ማጫወቻው ኪስ እስኪገባ አልተጠበቀም፤ በትከሻ፣ በአውቶቡስ ጣሪያ፣ በበቅሎ ጭምር ገጠር ገባ። መብራት በሌለበት ቀዬ ዋናው ጣጣ ድንጋዩ ነበር። ሲደክም ዘፋኙ እንደ ታማሚ ያቃስታል። ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣዋለን፤ ጥቂት ነፍስ ይዘራል። ካሴቱን ወደ ኋላ ለመመለስም ድንጋይ አናባክንም፤ እስክሪብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክተን እንደ እንዝርት እናሾረዋለን። አንድ ቴፕ ያለው ቤት ደጁ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። «የእኔ ዘፈን» የሚል አልነበረም፤ የሰፈሩ ዘፈን እንጂ።

ጃፓኖቹም ይህ ነገር ሳያሳስባቸው አልቀረም። ሶኒ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1979 ዎክማንን ሲያወጣ፣ የመጀመሪያው ሞዴል ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ነበረው። ሊቀመንበሩ አኪዮ ሞሪታ ሰው ጆሮውን ደፍኖ ብቻውን ቢያዳምጥ ነውር ይሆናል ብለው ስለሰጉ፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ አሰቡ። እንዲያውም ሁለቱ አድማጮች ዘፈኑ ሳይቆም የሚነጋገሩበት ብርቱካንማ ቁልፍ ነበረው። ገዢው ግን ለየብቻው መስማቱን ወደደ፤ ሁለተኛው መሰኪያም በኋላ ቀረ። ቆላ ድባ ላይ ዎክማን ያየሁት ከአረብ አገር በተመለሰች የሰፈራችን ልጅ እጅ ነው። መሰኪያው አንድ ነበር፤ እኛ ግን ማዳመጫውን ፈልቅቀን አንዱን ለአንዱ፣ ሌላውን ለሌላው ጆሮ አደረግነው። ሞሪታ ቢያዩን ደስ ይላቸው ነበር።

ወደ ኃጢአቴ ልመለስ። የካሴትን ጀርባ ያየ ሰው በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ያውቃል። ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ በላዩ ላይ አልቀዳም ይላል፤ የተቀዳውም ይጠበቃል። አባቴ የሠርጉን ካሴት ጥርስ በቢላዋ ሰብሮ አስቀምጦት ነበር። እኔ ደግሞ በ1989 ዓ.ም.፣ ባዶ ካሴት መግዣ አጥቼ፣ ቀዳዳውን በወረቀት ጠቅጥቄ ያን ሰሞን ከራዲዮ የሚለቀቅ ዘፈን ቀዳሁበት። የትኛው ዘፈን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም። አያቴ በዓመቱ አረፉ።

በዚያው ዘመን ጀርመን አገር፣ በፍራውንሆፈር ተቋም፣ ካርልሃይንዝ ብራንደንበርግና ባልደረቦቹ ሌላ ነገር ጨርሰው ነበር። ጆሯችን የማይለየውን ድምፅ እየነቀሱ በመጣል ዘፈንን ወደ አንድ አሥረኛው ያህል የሚያሳንስ ዘዴ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ኤምፒ ስሪ የሚለውን ቅጥያ ስም ሰጡት። በ1998 ከደቡብ ኮሪያ ኤምፒ ማን፣ ቀጥሎም ሪዮ የተባለው ወጣ፤ 32 ሜጋ ባይት፣ ማለትም ስምንት ዘፈን ገደማ። የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ሪዮን ለማሳገድ ከሰሱ፤ ተረቱም። አፕል በ2001 ባወጣው አይፖድ አንድ ሺህ ዘፈን ኪስ ውስጥ ገባ። አይፖድ እ.ኤ.አ. በ2022 ማምረቱ ሲቆም እኛ ዘንድ ያዘነ ብዙ አይመስለኝም፤ ቀድሞውንም የውጭ ዘመድ ያለው ሰው ዕቃ ነበርና።

እኛን ያጥለቀለቀን ጥፍር የምታህለው ሚሞሪ ካርድ ናት። ከርካሽ የቻይና ስልክ ውስጥ፣ ወይም ገበሬው ሞፈር ላይ ከሚያንጠለጥላት ትንሽ ድምፅ ማጉያ ውስጥ ትገባለች። 2 ጊጋ ባይት 400 ያህል ዘፈን ትይዛለች፤ የድሮ ካሴት ቢደረደር አርባ ነው። ቆላ ድባም እንደ ሌላው ከተማ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ሱቅ አላት። የገበያ ቀን ሰው ካርዱን ይሰጣል፤ ልጁ ከኮምፒውተሩ ይሞላለታል።

ዘፋኙ ከዚህ ምን አገኘ? ምንም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ይጠብቃል፤ ካርዷ ግን አዋጅ አታነብም። በ2011 ዓ.ም. ኤልያስ መልካና ጓደኞቹ «አውታር» በሚል ስም ዘፈንን በስልክ መሸጥ ሲጀምሩ ያሰቡት ይህን ነበር፤ ኤልያስ ግን ብዙ ሳይቆይ በመስከረም 2012 አረፈ። ከገንዘቡ ሌላ ስምም ጠፍቷል። በካሴት ሽፋን ላይ ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ይጻፍ ነበር። በካርዱ ላይ ያለው «ትራክ 07» ነው።

ባለፈው ዓመት ከዚያ ሱቅ ቆሜ ሳለሁ አንድ ሽማግሌ ስልካቸውን ለልጁ ሰጡት።

«አባባ፣ ሞልቷል እኮ። ፎርማት ላድርገው?»

«አዲስ ይግባልኝ እንጂ ያሻህን አድርግ፣ ልጄ።»

ካርዷ የሚሰበር ጥርስ የላትም። «ቆይ፣ ምን አለባት?» አልኩ። ልጁ ከፈተው፤ የማሲንቆ ድምፅ ወጣ፣ ከኋላው የሴቶች እልልታ። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «የልጄ ሠርግ ነው» አሉ።

ወደ ኮምፒውተሩ እንዲገለብጠው ለመንኩት። «ስሙን ምን ልበለው?» አለ። ሽማግሌው የአዝማሪውን ስም፣ የመንደሩን ስም፣ ዓመተ ምሕረቱን ነገሩት። ልጁም ፊደሉን በአንድ ጣቱ እየፈለገ ጻፈው።