የቁልቁለቱ ጎዳና ባለስም

ከማዘጋጃ ቤት ተነስቶ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደውን መንገድ አዲስ አበባን የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ተቀምጧል። ዝቅ ሲሉ ሊሴ ገብረ ማርያም፣ ከዚያ ትግላችን ሐውልትና ጥቁር አንበሳ፣ ፖስታ ቤት፣ ብሔራዊ ቴአትር፣ መጨረሻው ላይ የድሮው ባቡር ጣቢያ ይገኛሉ። መንገዱ ቸርችል ጎዳና ነው። መቅደላ ላይ ለእንግሊዝ ጦር እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት ንጉሥ አደባባይ በእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በተሰየመ ጎዳና ላይ እንዲውል ሆን ብሎ ያቀደ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከተማው ራሱ የሠራው ቀልድ ነው።

ደርግ መጥቶ ትግላችን ሐውልትን እዚያው ጎዳና ዳር አቆመ፤ ሕዝቡ ግን ቸርችል ማለቱን አልተወም። ሰውየው ምን ውለታ ዋሉልን ቢባል መልሱ አጭር አይደለም፤ ውለታውም ቅሬታውም ከአንድ እጅ የወጡ ናቸውና። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዊንስተን ቸርችል ኖቬምበር 30 ቀን 1874 ብሌንሃይም በሚባለው የማርልበሮ መስፍኖች ቤተ መንግሥት ተወለዱ። ቤቱ ግን የአያት እንጂ የአባት አልነበረም። አባታቸው ሎርድ ራንዶልፍ ታላቅ ወንድም ስለነበራቸው ማዕረጉም ርስቱም አልደረሳቸውም። እናታቸው ጄኒ ጀሮም የኒው ዮርክ ባለጸጋ ልጅ ነበሩ። ሁለቱም ለልጃቸው ጊዜ አልነበራቸውም፤ ዊንስተን ያደጉት በሞግዚት እጅ፣ የተማሩት በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው። ከሃሮው ትምህርት ቤት ሆነው ኑና ጎብኙኝ እያሉ የሚጽፏቸው ደብዳቤዎች ብዙውን ጊዜ መልስ አያገኙም ነበር። ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ለመግባት ሦስት ጊዜ ተፈተኑ። በሦስተኛው አለፉ ተብሎ ደስታ ሲጠበቅ፣ አባትየው ለእግረኛ ክፍል የሚበቃ ነጥብ አላመጣህም ብለው ተቆጡ፤ ነጥቡ የሚበቃው ወጪው ለሚበዛው ለፈረሰኛው ብቻ ነበር። ስለዚህ አባት ለልጃቸው የጻፉት የእንኳን ደስ ያለህ ደብዳቤ ሳይሆን፣ እንዲህ ከቀጠልክ የትም የማትደርስ ከንቱ ሆነህ ትቀራለህ የሚል ነበር። በ1895፣ ጃንዋሪ 24 ቀን፣ በ45 ዓመታቸው ሞቱ። ልጁ 20 ዓመታቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወት በሙሉ ለዚያ ደብዳቤ የተጻፈ መልስ ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

መልሱ በችኮላ ተጀመረ። ኩባ፣ ሕንድ፣ የአፍጋኒስታን ጠረፍ፤ በአንድ እጅ ሽጉጥ፣ በሌላው ለጋዜጣ የሚላክ ዘገባ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ኦምዱርማን ላይ ከፈረሰኞች ጋር ሆነው በደርቡሾች ላይ ጋለቡ። እነዚህ ደርቡሾች ከዘጠኝ ዓመት በፊት አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ የወደቁባቸው ናቸው። በዚያ አንድ ቀን በመትረየስና በመድፍ ከ10,000 በላይ ሱዳናውያን ሲረግፉ፣ ከእንግሊዝና ከግብጽ ወገን የሞቱት 50 አይሞሉም። ወጣቱ መኮንን ስለ ዘመቻው በጻፉት መጽሐፍ የጦር አዛዡ ኪችነር የደርቡሾቹን መሪ የመሐዲውን መቃብር ማስደፈራቸውን አውግዘዋል። ግዛቱ መስፋፋቱን ግን አንድም ጊዜ አልተጠራጠሩም። ይህ ጠባይ ሸምግለውም አልለቀቃቸውም፤ ጭካኔ ሲያዩ ይቆጣሉ፣ ጭካኔውን የወለደውን ግዛት ግን እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥሩታል።

በ1899 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ቦየሮች ማረኳቸው፤ ከፕሪቶሪያ እስር ቤት አምልጠው ሲመለሱ ስማቸው በአገሩ ናኘ፤ በዓመቱ የኦልድሃም የሕዝብ እንደራሴ ሆኑ። በ1904 ወግ አጥባቂዎችን ትተው ወደ ሊበራል ፓርቲ ገቡ፤ ሃያ ዓመት ቆይተው ተመለሱ። ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ የሚገናኙባቸውን ቢሮዎች በመንግሥት ደረጃ ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። የባህር ኃይሉን ሲመሩ መርከቦቹን ከከሰል ወደ ነዳጅ አዞሩ። በ1915 ግን የዳርዳኔልስ ዘመቻ ከሸፈ፤ ጋሊፖሊ ላይ በአሥር ሺዎች አለቁ፤ ሥልጣናቸውን አጥተው በምዕራቡ ግንባር ምሽግ ውስጥ ሻለቃ ጦር መሩ። በ1925 ደግሞ የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ፓውንድን በቀድሞው ዋጋ ወደ ወርቅ መለኪያ መለሱት፤ የላኪዎች ዕቃ ተወደደ፣ በተለይ የከሰል ማውጫው ተጎዳ። ሰውየው 60 ዓመት ሲሞላቸው አንድ ሰው የሕይወት ታሪካቸውን ቢጽፍ ኖሮ፣ ርዕሱ ውድቀት የሚል ቃል አያጣም ነበር።

እዚህ ላይ ስለ አንደበታቸው ልበል። በ1904 ምክር ቤት ውስጥ በቃላቸው ሲናገሩ ድንገት ቀጣዩ ሐሳብ ጠፋቸው። ቆመው ፈለጉት፣ አላገኙትም፤ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ተቀመጡ። ከዚያ ወዲያ ያለ ጽሑፍ ትልቅ ንግግር አላደረጉም። ጸሐፊዎቻቸው ንግግሩን በታይፕ ሲመቱት እንደ ተራ ጽሑፍ ዳር እስከ ዳር አይሞሉትም፤ ሐረግ ሐረጉን እየሰበሩ፣ መስመሩን ወደ ውስጥ እያስገቡ ያወርዱታል። ቢሮ ውስጥ ይህን አጻጻፍ የመዝሙረ ዳዊት ቅርጽ ይሉት ነበር። ዳዊት ደግሞ ያደገ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል፤ ትንፋሽ የት እንደሚወሰድ ዓይን ያያል። ዓለም በ1940 በሬዲዮ የሰማው ድምፅ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም፤ የአንድ ቀን ኀፍረት ያስተማረው ጥንቃቄም ነበር።

በ1930ዎቹ ከሥልጣን ውጭ ሆነው ስለ ሂትለር ያስጠነቅቁ ነበር። ትክክል ነበሩ። በዚያው ዘመን ሕንድ ራሷን እንዳታስተዳድርም በተመሳሳይ ጉልበት ይታገሉ ስለነበር ማስጠንቀቂያቸውን የሚሰማ ጠፋ። ኢትዮጵያ ስትወረር የት ነበሩ? በ1927 ሮም ላይ ሙሶሊኒን በአደባባይ አሞግሰው ነበር፤ በ1935 ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያሳስባቸው ጣሊያን ተገፍታ ከጀርመን ጋር እንዳትወዳጅ ነበር። ጃንሆይ ጄኔቫ ላይ ሲጮኹ፣ ኋላም ባዝ ከተማ በስደት ሲቀመጡ፣ ቸርችል የኢትዮጵያ ጠበቃ አልነበሩም። በ1938 ጣሊያንን የኢትዮጵያ ገዥ አድርጎ የተቀበለው የቼምበርሌን መንግሥት ነው።

ሜይ 10 ቀን 1940 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ፤ 65 ዓመታቸው ነበር። ቼምበርሌንን የጣለው የኖርዌይ ዘመቻ መክሸፍ ነው፤ በዚያ ዘመቻ ደግሞ የባህር ኃይሉ ሚኒስትር ቸርችል ራሳቸው ከማንም በላይ እጃቸው ነበረበት። ዕድል አንዳንዴ እንዲህ ታዳላለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የፈረንሳይ ግንባር ተንኮታኮተ፤ የእንግሊዝ ጦር ደንከርክ ባሕር ዳር ተከበበ።

ከሜይ 26 እስከ 28 በአምስት ሰዎች የጦር ካቢኔ ውስጥ የተካሄደው ክርክር እኛ አገር የሚገባውን ያህል አይነሳም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ፣ ነፃነታችን እስካልተነካ ድረስ በጣሊያን አማላጅነት የሰላም ሐሳብ ብንሰማ ምን አለበት አሉ። አማላጁ እንግዲህ ሙሶሊኒ ነው። ለአማላጅ እጅ መንሻ አይቀርም፤ በሜዲትራንያን ያሉ ይዞታዎችም ተነሱ። ቸርችል ድርድር አንዴ ከተጀመረ መመለሻ የለውም ብለው ተከራከሩ። ሜይ 28 ቀን ከጦር ካቢኔው ውጭ ያሉትን ሚኒስትሮች ሰብስበው፣ ሁላችንም መሬት ላይ ወድቀን በደማችን እስክንታነቅ እንዋጋለን የሚል ስሜት ያለው ነገር ነገሯቸው። ሚኒስትሮቹ ተነስተው ጀርባቸውን እየመቱ አበረታቷቸው። ነገሩ እዚያ ላይ ቆረጠ። ከደንከርክ 338,000 ያህል ወታደር ወጣ።

ድርድሩ ተሳክቶ ቢሆን አዲስ አበባ በማን እጅ ትቀር ነበር? ሙሶሊኒ ሊያማልድ ሳይሆን ሊዘርፍ መጣ፤ ጁን 10 ጦርነት አወጀ። በዚያች ቀን ኢትዮጵያ ለለንደን የተረሳች ጉዳይ መሆኗ ቀርቶ የጠላት ጎን መውጊያ ሆነች። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ጃንሆይ ሚስተር ስትሮንግ በሚል ስም ተሸሽገው በአውሮፕላን ወደ ግብጽ፣ ከዚያ ወደ ካርቱም ተወሰዱ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማቸውን አቆሙ። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት ከእሳቸው ጋር በጎጃም በኩል፣ ሌላው ጦር በከረንና በኬንያ በኩል ገባ፤ አምስት ዓመት ሙሉ በዱር በገደሉ የቆዩት አርበኞች ደግሞ ጣሊያንን ቀድመው አድክመውት ነበር። ሚያዝያ 27 ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ገቡ። ቸርችል በላኩት መልእክት፣ ፋሺስቶችና ናዚዎች ከዙፋን ካባረሯቸው ነገሥታት የመጀመሪያው፣ በድል በመመለስም የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት አሏቸው። ጎዳናው የተሰየመው ለዚህ ነው።

ቅሬታውም ከዚያው ሳምንት ይጀምራል። ጃንሆይ ሚኒስትሮቻቸውን ሲሾሙ ብርጋዴር ሉሽ የተባሉት እንግሊዛዊ፣ ከጣሊያን ጋር የሰላም ውል ሳይፈረም ሙሉ ሥልጣን የለዎትም አሉ። አገሩ በእንግሊዝ ወታደሮች ዓይን የተያዘ የጠላት ግዛት ነበር። መኪናና ማሽን እየተነቀለ የጦር ምርኮ ተብሎ ወጣ። በ1942 እና በ1944 የተፈረሙት ስምምነቶች ቀስ በቀስ ልጓሙን አላሉት፤ ኦጋዴን ግን በእንግሊዝ እጅ ቆየ። ፌብሩዋሪ 1945 ጃንሆይ መጀመሪያ ሩዝቬልትን በአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ፣ ከቀናት በኋላ ቸርችልን ካይሮ ላይ አገኙ። ቅደም ተከተሉ ብቻውን ይናገራል፤ ንጉሡ አዲስ ወዳጅ እየፈለጉ ነበር።

ቸርችል ከሩዝቬልት ጋር በኦገስት 1941 ያወጡት የአትላንቲክ ቻርተር ሕዝቦች የሚተዳደሩበትን መንግሥት ራሳቸው ይምረጡ ይል ነበር። ቸርችል በወሩ ምክር ቤት ቀርበው፣ ይህ በናዚ ሥር ላሉ የአውሮፓ አገሮች የተባለ ነው፣ የእኛን ግዛቶች አይመለከትም አሉ። የሰውየው ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ይገናኛል ባይ ነኝ። ለነፃነት የነበራቸው ፍቅር ውሸት አልነበረም፤ ወሰን ግን ነበረው። በ1943 ቤንጋል ውስጥ እስከ 3 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ በረሃብና ረሃቡ ባመጣው በሽታ አለቀ። ረሃቡን ያመጣው እሳቸው ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም፤ ጃፓን በርማን መያዟ፣ ማዕበል፣ የእህል ዋጋ መናር ነበሩበት። ሆኖም እህል የሚጫንበት መርከብ ሲለመን የእሳቸው ካቢኔ ደጋግሞ ነፍጓል፤ ስለ ሕንዶች የተናገሩትን የመዘገቡት የገዛ ሚኒስትራቸው ኤመሪ ናቸው።

በኦክቶበር 1944 ሞስኮ ላይ ደግሞ ግማሽ ወረቀት አወጡ። ሩማንያ፣ ለሩሲያ 90 በመቶ፤ ግሪክ፣ ለእንግሊዝ 90 በመቶ፤ ዩጎዝላቪያ እኩል። ስታሊን ሰማያዊ እርሳስ አንስቶ ምልክት አደረገበት። ቸርችል ራሳቸው እንደጻፉት፣ የብዙ ሚሊዮን ሰው ዕጣ እንዲህ በቀላሉ መወሰኑ አሳፍሯቸው ወረቀቱን እናቃጥለው ቢሉ፣ ስታሊን ያስቀምጡት አለ።

ጁላይ 1945 ሕዝባቸው ጣላቸው። ሌበር 393 ወንበር አገኘ። ጦርነቱን ላሸነፉልን እናመሰግናለን፣ ቤትና ሕክምና ግን ከሌበሩ መሪ ከአትሊ እንፈልጋለን እንደማለት ነው። በ1951 ተመልሰው ሲመጡ አርጅተው ነበር። በኬንያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የወጣው፣ ማው ማው የተባሉት በየካምፑ የታጎሩት በዚህ ዘመናቸው ነው። በ1953 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ተሸለሙ፤ በዚያው ዓመት ስትሮክ መትቷቸው ሽባነት ሲነካቸው ከሕዝብ ተደበቀ። ጃንሆይ ለንደንን የጎበኙት በ1954 ነው፤ ከኦጋዴን በእንግሊዝ እጅ የቀረው ክፍል የሚመለስበት ውል የተፈረመውም በዚያው ዓመት መጨረሻ። በኤፕሪል 1955 ሥልጣን ለቀቁ።

የሞቱት ጃንዋሪ 24 ቀን 1965 ነው፤ አባታቸው በሞቱ ልክ በ70 ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን። ለቀብሩ ከመቶ በላይ አገሮች ወኪል ላኩ፤ ከእነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ እሳቸው ነፃ ወጥተው ማየት ያልፈለጓቸው ነበሩ። አስከሬኑ በጀልባ በቴምዝ ወንዝ ላይ ሲያልፍ የወደቡ ክሬኖች አንገታቸውን አንድ በአንድ ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ባቡር ወደ ገጠር ወሰዳቸው። ትልልቆቹ የአገሪቱ ሰዎች ከሚቀበሩባቸው የለንደን ካቴድራሎች ይልቅ ብሌደን የምትባል መንደር፣ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ልጁ የትም አይደርስም ካሉት አባት አጠገብ ተቀበሩ።