እረኛው ኦርኬስትራ ሲገባ

ሲምፎኒ ሲባል ሃይድንና ሞዛርት ወዲያው አፋችን ላይ ይመጣሉ። አሸናፊ ከበደስ? በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 ተወልዶ፣ አሜሪካ ኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምሮ፣ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሆነ። ሃንጋሪ ድረስ ሄዶም ኦርኬስትራ መርቷል። «እረኛው ባለዋሽንት» የተባለው ድርሰቱ ሲምፎኒ ባይባልም፣ የእረኛውን ዜማ ይዞ ፈረንጅ ኦርኬስትራ ውስጥ የገባ ነው። በ1998 ባሕር ማዶ አረፈ።

እኔ የባሌ ልጅ ነኝ። ከጎባ ሳነቴን ተሻግሮ ወደ ሃረና ሲወረድ፣ ከብት ጠባቂ ሲነፋ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያ ድምፅ ኦርኬስትራ ፊት መቆሙን ግን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ታዲያ ጓዶች፣ ጥፋቱ የማን ነው? ሃይድንን ስናጠና አሸናፊንም እናጥና፤ ከዚያ ድርሰቱን ይዘን ሄደን ለእረኛው እናሰማው። መጀመሪያውኑ የሱ ነበራ!