የኤሌክትሪክ ብስክሌት

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ፔዳል፣ ሞተርና እንደገና የሚሞላ ባትሪ ያለው ተሽከርካሪ ነው። በስሙ ብስክሌት ቢባልም በሕግ ፊት ብስክሌት ወይም ሞተር ሳይክል መሆኑ የሚለየው ሞተሩ በምን እንደሚነሳ፣ ስንት ዋት እንደሆነና በስንት ፍጥነት ላይ ሥራውን እንደሚያቆም ታይቶ ነው።

ዓይነቶች

ፔዴሌክ የሚባለው ዓይነት ሞተር የሚሠራው ነጂው ፔዳሉን ሲመታ ብቻ ነው። ርካሾቹ የሚያውቁት ፔዳሉ መዞሩን ብቻ ስለሆነ በቀስታ ለሚያዞርም በኃይል ለሚረግጥም እኩል ይገፋሉ፤ ውዶቹ ግን የእግሩን ጉልበት ለክተው በዚያው ልክ ያግዛሉ። ሌላው ዓይነት እንደ ሞተር ሳይክል የመሪው እጀታ ሲጠመዘዝ ያለ ፔዳል ይሄዳል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ፔዳል የተገጠመላቸው ለስም ያህል ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክል ቢባሉ ይቀላል።

36 ቮልትና 10 አምፔር-ሰዓት የሆነ ባትሪ 360 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በኪሎ ሜትር 10 ዋት-ሰዓት ገደማ ቢወስድ 36 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል። ከቆቦ እስከ ዋጃና አላማጣ ባለው የራያ ሜዳ ይህ ስሌት ብዙ አይስትም፤ ከአላማጣ ወደ ኮረም በሚያወጣው የግራካሱ ዳገት ግን ባትሪው ቶሎ ያልቃል። የቆላው ሙቀትም አለ፦ የሊቲየም ባትሪን ከ45 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በሆነ ሙቀት መሙላት ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ፀሐይ ላይ የዋለውን መጀመሪያ ጥላ ሥር ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል።

ሕግ

በ1968 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ብስክሌትን በተሳፋሪው ጉልበት ብቻ የሚንቀሳቀስ ብሎ ተረጎመው። በዚህ ትርጉም ሞተር ያለው ሁሉ ከብስክሌትነት ስለሚወጣ አገሮች የየራሳቸውን መለያ አወጡ። በአውሮፓ ኅብረት ሞተሩ ከ250 ዋት የማይበልጥና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ ማገዙን የሚያቆም ፔዴሌክ እንደ ተራ ብስክሌት ይታያል፤ በብስክሌት መንገድም ይሄዳል። እስከ 45 የሚደርሰው ግን ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በሦስት ክፍል ይመድባሉ፦ በፔዳል እስከ 32፣ በእጀታ እስከ 32፣ በፔዳል እስከ 45 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሦስተኛው እግረኛና ብስክሌተኛ በሚጋሩት መንገድ ላይ በብዙ ቦታ አይፈቀድም።

በኢትዮጵያ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ይበልጥ መነጋገሪያ ሆኗል። መለያው ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ስትጥል ተራ ብስክሌት አልተነካም። በዋጃ ዋናው አስፋልት ከተማዋን አቋርጦ ስለሚያልፍ ብስክሌተኛው፣ ባትሪ ኖረውም አልኖረው፣ መንገዱን የሚጋራው ከባጃጅና ከከባድ መኪና ጋር ነው።